ከምዕራፍ ዘጠኝ የወጡት ገጾች

ኡጎንማ አኒ የጦርነት መጽሐፍ የምትመዝንበት የራሷ ሚዛን ነበራት። መጀመሪያ የምትፈልገው እግርን ነው። ጸሐፊው ስለ ጫማው፣ ስለ ቁስሉ፣ ጭቃ ውስጥ ስለ መዋሉ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሠላሳ ገጽ ከተጓዘ፣ «ይሄ ሰውዬ ጦርነቱን በመኪና ነው ያለፈው» ብላ ትዘጋዋለች። ቀጥላ ረሃብን ትፈልጋለች፤ ከዚያ ፍርሃትን። ሦስቱ የተገኙበት መጽሐፍ ቋንቋው ቢወላገድም ሊነበብ ይገባዋል። ሦስቱ የሌሉበት ግን ስሙ በወርቅ ቀለም ቢታተም ዋጋ የለውም።

ሥራዋ ነው። በኤኑጉ ከተማ፣ ከኦግቤቴ ገበያ ጀርባ ባለ ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ቢያፍራ ለመገንጠል የተዋጋችበት ጦርነት ካለቀ ሃያ ዓመት አልፎት፣ ያን ጊዜ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ አሁን ብዕር ይዟል። በየሳምንቱ አንድ ጡረተኛ መኮንን ረቂቁን በላስቲክ ጠቅልሎ ይመጣል። አለቃዋ ኦጋ ቦኒፌስ እንግዳው ከበር እስኪወጣ ይጠብቅና፣ «ሌላ ጄኔራል! እነዚህን መጽሐፎች ያመነ ሰው ቢያፍራ አንድም ተራ ወታደር አልነበራትም ይላል። እንዲህ ሆነን ነዋ የተሸነፍነው!» ይላል።

ኦቢዮራ ኦግቡም የመጣው ረቂቅ ተሸክሞ ነበር፤ የራሱን ሳይሆን የአባቱን። አባቱ ሻምበል ጀሮም ኦግቡ ዐይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው እሳቸው እየተናገሩ እሱ ነበር በታይፕ የጻፈው። ወጣት ጠበቃ ነው። ቤታቸው ኮረብታው ላይ፣ ዘበኛ ከቆመባቸው ቤቶች አንዱ ነው። የኡጎንማ እናት ደግሞ መኪና መናኸሪያው በር ላይ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የባቄላ ሊጥ፣ ኦክፓ፣ ለሾፌሮች ትሸጣለች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መንገድ ሽቅብ ነው።

ያገናኛቸው መጽሐፍ ነው። እሷ አንዲት የጦር ሜዳ ነርስ የጻፈችውን ማስታወሻ አዋሰችው፤ እሱ የአንድ ምግብ አብሳይ ወታደርን ቀጭን መጽሐፍ አመጣላት። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ይደብቃሉ። «ይሄ ሰው ፈርቷል፤ እመኚው» ብሎ ጻፈላት። «እግሩን የረሳ ወታደር የለም፤ እግሩን የረሳ ደራሲ ግን ሞልቷል» ብላ መለሰችለት። ወረቀቶቹ እየረዘሙ ሄዱ። ከዕለታት አንድ ቀን ከምግብ አብሳዩ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጦርነት ምንም የማይል ወረቀት ወጣ። «ከአጎቶችሽ ቤት በር ማንኳኳት እፈልጋለሁ።» ኡጎንማ እንደ ልማዷ ስህተት ፈልጋ ሁለቴ አነበበችው። ስህተት አላገኘችበትም። የዚያን ቀን በእጇ የነካችው ወረቀት ሁሉ ሞቃት መሰላት።

የሻምበሉ መጽሐፍ ፊደሉ ለኅትመት ከተለቀመ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ጥሩ መጽሐፍ ነበር። እግር አለው፣ ረሃብ አለው። ፍርሃት ግን አልነበረውም፤ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ሊመጣ ሲል ይጠፋል። አንዱ ገጽ «በሦስተኛው ቀን ጠዋት» ብሎ ያበቃል። ቀጣዩ «ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም» ብሎ ይጀምራል። ኡጎንማ ረቂቁን አወጣችና ቁጥሮቹን ተመለከተች። ሁለት ገጾች የሉም። ረቂቁን ለጥቃቅን እርማት ብሎ ለአንድ ሳምንት የወሰደው ኦቢዮራ መሆኑን አስታወሰች።

ሲመጣ ጠየቀችው።

«አባቴ ነው ያወጣቸው» አለ። ይህን ሲል የሚያየው ከግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነበር።

«ያለ እነሱ ምዕራፉ አንካሳ ነው።»

«አንካሳም ይሄዳል» አለና ሳቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

ከዚያ ወዲያ ቀረ። ወገኖቹ የመጀመሪያውን የዘንባባ ጠጅ ይዘው የአጎቶቿን በር ለሽምግልና የሚያንኳኩበት ቀን ተላለፈ፤ ከዚያ እንደገና ተላለፈ። እናቷ ቅጠል እያሰረች ቀና አለችና፣ «ምነው ያ የኮረብታው ልጅ ጉልበቱ ዛለ እንዴ? ቁልቁለት እኮ ነው!» አለች። ኡጎንማ ያየችውን ሁሉ እንደ ሥራዋ በተራ አሰለፈችው፤ ዐይኑን አሸሸ፣ ቀኑን አስተላለፈ፣ ቀረ። ከዚህ የምታወጣው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነበር። እናቴ በጭንቅላቷ ላይ የምትሸከመውን ሳህን አየ፤ አፈረ።

በሰው እጅ ወረቀት ላከችለት። «ካፈርክብኝ እንደ ወንድ ንገረኝ።» መልሱ አንድ መስመር ነበር። «መጽሐፉ እንዳለ ይታተም፤ እለምንሻለሁ።» እሷ ስለ ራሷ ጠየቀችው፣ እሱ ስለ መጽሐፍ መለሰላት። ከዚህ በላይ የሚያዋርድ ነገር ይኖር እንደሆነ አሰበች፤ አልመጣላትም።

* * *

ኮረብታውን የወጣችው ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ብላ ነው። አንድ ደራሲ የመጨረሻውን እርማት ሳያጸድቅ መጽሐፉ ማሽን ላይ አይወጣም።

ሻምበሉ በረንዳው ላይ ባለ ሰፊ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ረዥም ሰው ናቸው፤ ዐይናቸው ወተት የነካው ይመስላል። «ማነው?» አሉ።

«ከማተሚያ ቤት ነኝ አባባ። አራሚዋ።»

«ኡጎ! ልጄ አፉን የማይዘጋላት ኡጎ!» ሳቁ። «ሰሞኑን ግን ዘጋ። ምን አርገሽው ነው? በይ ቁጭ በይ። እዚህ ቤት ሰው ኮላ ሳይበላ ወሬ አይጀምርም።»

ከጎናቸው ካለው የእንጨት ሳህን አንድ የኮላ ፍሬ በዳሰሳ አነሡ፣ መርቀው ሰነጠቁት፣ ቁራጩን ዘረጉላት። ተቀብላ በላች። እንደ ሁልጊዜው መራራ ነበር።

«ምዕራፍ ዘጠኝን ላንብብልዎት?» አለች።

«እሱን ነው መስማት የምፈልገው።»

አነበበችላቸው። «በሦስተኛው ቀን ጠዋት» ብላ ገጹን ገልብጣ «ከዚያ በኋላ» ስትል እጃቸውን አነሡ።

«ዘለልሽ።»

«አልዘለልኩም፤ የለም። እርስዎ አወጡት ተብያለሁ።»

«እኔ?» ወንበሩ ጮኸ። «እኔ ያወጣሁት? ስሚኝ ልጄ፤ መጽሐፉን የጻፍኩት እኮ ለእነዚያ ሁለት ገጾች ነው። ሌላው ቅጠል ነው፤ መጠቅለያ! እነሱን ማን ነካቸው?» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ያዢ። ብዕር ይዘሻል? በቃሌ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እኮ ማታ ማታ የምለው እሱን ነው።»

ብዕሯን አወጣች። ሻምበሉ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩና ሳይቸኩሉ ተናገሩ።

«በሦስተኛው ቀን ጠዋት አስር አለቃው ተመለሰ። ማንም ይዞ አላመጣውም፤ በራሱ እግር መጣ። ምሽጉን ያለ ፈቃድ ለቆ የሄደው ለልጁ ጨው ሊያደርስ ነበር። ሕፃኗ በረሃብ አብጣለች የሚል ወሬ ደርሶት ነበር። እግሩ ደም ነበረው፤ ጫማውን በጨው ለውጦታል። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ ቦታውን የለቀቀ ይረሸን የሚል ነበር። ትእዛዙን ላዘገየው እችል ነበር። አላዘገየሁትም። ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ጠላትን አይደለም፤ የበላዬን ነው። ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ የኢሮኮ ዛፍ ስር፣ በምሥራቅ በኩል ቀበርነው። ስሙ ፊደሊስ አኒ ነበር።»

የኡጎንማ እጅ እስከ መጨረሻው ጻፈ። አራት ነጥቡንም አኖረች።

አእምሮዋ ደግሞ እንደ ልማዱ መዘነ። እግር አለው። ረሃብ አለው። ፍርሃት አለው። በዚህ ሁሉ ዓመት ካረመችው ሁሉ የሚበልጥ ገጽ ነው። ይህን አሰበች፤ ማሰቧንም ታዘበች፤ ከዚያ በላይ ምንም አልመጣም። ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ ትጭራለች። የዶሮዋን ጥፍር ለየብቻ ማየት ትችል ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ሻምበሉ።

«አባባ፣ ልጅዎ የአባቴን ስም ነግሮዎት አያውቅም?»

«የማተሚያ ቤቷ ኡጎ ነው የሚልሽ። አባትሽ በጦርነቱ ጊዜ ጠፋ ብሎኛል። ለምን?»

«ኡጎንማ አኒ ነው ስሜ። ፊደሊስ አኒ አባቴ ነው።»

ሻምበሉ አንድ ነገር እንዳይሰበርባቸው እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ ብለው፣ «ሕፃኗ...» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«በሕይወት ኖርሽ» አሉ። «ኖርሽ እንዴ?» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸው ሳህኑን ፈልጎ አገኘና በፍጥነት ሸሸ። «ኮላውን በላሽ?»

ያን ጊዜ ገባት። በእነሱ አገር የዘመዱን ደም ካፈሰሰ ሰው እጅ ኮላ ተቀብሎ የሚበላ የለም። ደም በመካከላቸው ያለ ቤቶችም ኮላ አብረው አይሰብሩም፤ ኮላ ያልተሰበረበት ጋብቻ ደግሞ የለም። ኦቢዮራ ቀኑን ያስተላለፈው፣ ገጾቹን ያወጣው ለዚህ ነው። እሷ ግን በገዛ እግሯ ኮረብታውን ወጥታ በላች።

«በላሁ» አለች። ምሬቱ ገና ምላሷ ላይ ነበር። ልትተፋው ፈለገች፤ ግን የሚተፋ አልቀረም። ልቧን ፈተሸችው፤ ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ ክንድ የራሷ አልመስልሽ አላት።

* * *

ኦቢዮራ ከበሩ ውጭ ቁልቁለቱ ላይ ደረሰባት። አባቱ ጠርተውት ሳይሆን አይቀርም፤ ሸሚዙን እንኳ በትክክል አልቆለፈም።

«ኡጎ! ቁሚ! ስለ እግዚአብሔር ቁሚ!»

ቆመች።

«ስታወሪኝ ነው ያወቅኩት» አለ እያለከለከ። «ስለ አባትሽ መጥፋት ያጫወትሽኝ ዕለት ስሙን ስትጠሪ... እኔ እኮ ነኝ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት። አንቺን ሳላውቅሽ። ፊደል በፊደል።»

«እና ዝም አልክ።»

«ሁለት ገጽ ነው ኡጎ! ሁለት ገጽ! ከሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ሁለቱ ባይኖሩ ማን ይጎዳል? አንቺን በሁለት ገጽ ልጣ?»

«እናቴ ትጎዳለች።»

ኦቢዮራ ዐይኑን ወደ ቁልቁለቱ አሸሸ።

«አጎቶቼ ያለ ሬሳ እንቅበረው ሲሏት እምቢ እንዳለች ነው፤ ታውቃለህ? ሬሳውን ያየ የለም ትላለች። መናኸሪያው ላይ የተጣሏት ሴቶች ምን እንደሚሏት ታውቃለህ? 'ባልሽ ጋቦን ሌላ አግብቶ እየወፈረ ነው።' ከዚያ ከሚመጣ መኪና የወረደ ሽማግሌ ሁሉ ፊት ታያለች። እኔም እስከ ዛሬ አብሬያት አይ ነበር።»

«ከቀበራችሁት እኔና አንቺ አበቃልን» አለ ኦቢዮራ። «አጎቶችሽ ከአባቴ ልጅ ጠጅ አይቀበሉም። ካልቀበራችሁት ግን ማንም አያውቅም። እኔ ኃጢአቱን ብቻዬን እሸከመዋለሁ። ዕድሜ ልኬን!»

«ቆንጆ ንግግር ነው» አለች ኡጎንማ። ልታላግጥበት ፈልጋ አልነበረም፤ እውነትም ቆንጆ ነበር። «ግን ረቂቅ ቢሆን ኖሮ እሰርዘው ነበር።»

«ስደቢኝ። ምቺኝ። እንዲህ አትዪኝ።»

«ምን አልኩህ?»

«ምንም! እሱ ነው እኮ! ምንም እንዳልሆንኩ ነው የምታዪኝ!»

አየችው። የላብ ጠብታ ከጆሮው ስር ሲወርድ አየች። ይህን ሰው እንደምትወደው ታውቅ ነበር፤ የአንድን ከተማ ስም እንደሚያውቅ ሰው ታውቀው ነበር፤ አሁን ግን እዚያ ከተማ ውስጥ አልነበረችም።

«በሌላ አፍረህብኝ መስሎኝ ነበር» አለችው። «በእናቴ። ያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።»

ጥላው ሄደች። ሊከተላት አልደፈረም። ከኋላዋ አንድ ጊዜ ስሟን ጠራ፤ ስሙ የሌላ ሰው ስም ሆኖ ተሰማት።

* * *

ሁለቱን ገጾች ራሷ ለቀመቻቸው። ኦጋ ቦኒፌስ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«ስህተት አለው?» አለ።

«የለውም።»

«አኒ... ይሄ ሰው...»

«አዎ።»

ኦጋ ቦኒፌስ ሳይቀልድ በሩን ዘግቶላት ወጣ።

ለእናቷ የነገረቻት ቤት፣ የኦክፓው ድስት እሳት ላይ እያለ ነው። ገጹን በእናቷ ቋንቋ እየመለሰች ቃል በቃል አነበበችላት። እናቷ ቅጠል ማሰሯን አላቋረጠችም። ሲያልቅ፣ «ተመልሶ ነበር?» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«ማንም ሳይዘው? በራሱ?»

«በራሱ እግር ይላል።»

«በባዶ እግሩ ነበር» አለች እናቷ። «ጫማህስ ስለው ወንዝ ወሰደው አለኝ። ውሸታም።» አንድ ቅጠል ጨርሳ አሰረች። «አየሽ? አይሮጥም ብዬሻለሁ። እነዚያ ምላሰ ረዥሞች ጋቦን፣ ጋቦን ሲሉኝ... ፊደሊስ አይሮጥም ብያለሁ።» ያን ጊዜ እጇ ቆመ። ጭንቅላቷን የድስቱ እንፋሎት ውስጥ ደፍታ አለቀሰች፤ ከዓመታት በፊት ማልቀስ የነበረባትን ሁሉ አለቀሰች።

ኡጎንማ ከጎኗ ተቀምጣ ጀርባዋን ዳበሰችላት። ኮላውን መብላቷንም ነገረቻት። እናቷ አፏን በአመድ ውኃ አጉመጠመጠቻት፤ ሽማግሎቹ ደግሞ በኋላ በሥርዓቱ ያነጹሻል አለቻት። ኡጎንማ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። እንባዋን ጠበቀችው፤ ወፍ የለም።

* * *

ቀብሩ መንደራቸው ውስጥ የሆነው ዝናቡ ሊወጣ አካባቢ ነበር። ሬሳ ለሌለው ሰው የሙዝ ግንድ በነጭ ጨርቅ ይገነዛል፤ ለፊደሊስ ግን ሌላም ነገር መጣለት።

ጠዋት ላይ አንድ መኪና ከግቢው ወሰን ውጭ ቆመ። ሻምበል ኦግቡ ልጃቸውን ይዘው ወረዱ። ወሰኑን አልተሻገሩም። የቤተ ዘመዱ ሽማግሎች ወጥተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። ሻምበሉ ኮፍያቸውን አውልቀው በምዕራፍ ዘጠኝ ያለውን ሁሉ በቃላቸው ተናገሩ፤ አንድ ቃል አልቀነሱም፣ አንድ ቃል አልጨመሩም። አራሚዋ ከሴቶቹ መሀል ሆና ተከታተለቻቸው። ከዚያ ኦቢዮራ ከመኪናው በነጭ ጨርቅ የታሰረ አፈር አወጣ። ወንዙ ዳር ሄዶ፣ ኢሮኮውን ፈልጎ፣ ከምሥራቅ በኩል የቆፈረው ነው። ጥፍሩ ስር የገባው አፈር ቀይ ነበር። መሬት ላይ አኖረው፤ ከእጅ ወደ እጅ አይቀበሉትምና። ትልቁ አጎቷ ካነሣው በኋላ፣ «ሰምተናል። የሰማነውን እንመክርበታለን። አሁን የሞተ ሰው አለን» አለ።

ሻምበሉ ወደ መኪናው ተመለሱ። ኦቢዮራ ግን መንገዱ ዳር ቀረ። አፈሩ በግንዱ ላይ ሲበተን፣ ጥይት ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ሲተኮስ፣ ሴቶቹ ሲያለቅሱ እዚያው ቆሞ ነበር። ዝናቡ ጀመረ፤ እሱ አልሄደም።

«ይቺ ልጅ ምነው አታለቅስም?» አለች አንዲት አክስት በሹክሹክታ፤ ሁሉም የሚሰማው ሹክሹክታ። «አባቷ አይደል እንዴ?»

«ማንበብ አድርቋታል» አለች ሌላዋ።

ኡጎንማ ሰማች። እውነት ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች።

እናቷ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። ዐይኗ አብጧል። ከዝናቡ ወዲያ፣ መንገዱ ዳር ያለውን ሰው ለረዥም ጊዜ አየችው።

«ያ ልጅ ነው?» አለች።

«እሱ ነው እማዬ።»

«እዚህ አይገባም።»

«ያውቃል።»

«ከእኛ አይበላም፤ አይጠጣም። ሽማግሎቹ እስኪሉ ድረስ። ምናልባትም እስከ መቼም።» እናቷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ግን የሰው ልጅ ነው፤ ዝናብ እየበላው ነው። ዣንጥላ ውሰጂለት።»

ኡጎንማ ዣንጥላውን ይዛ ግቢውን አቋረጠች። ወሰኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ። ሸሚዙ ከሰውነቱ ጋር ተጣብቋል፤ ከቅንድቡ ውኃ ይወርዳል። ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ ትዝ አላት፤ ከእጅ ወደ እጅ አይሆንም። ጎንበስ ብላ ዣንጥላውን እንደተከፈተ ሣሩ ላይ አስቀመጠችው።

«እናቴ ናት የላከችው» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ አመጣሁት።»

ኦቢዮራ አልተንበረከከም፣ አልማለም፣ ቆንጆ ነገር አልተናገረም። ዣንጥላውን አነሣና፣ በመካከላቸው ያለውን ወሰን በእግሩ ሳይነካ፣ ክንዱን አስረዝሞ ከእሷ ራስ በላይ ያዘላት። እሱ ዝናቡ ውስጥ ቀረ።

ኡጎንማ መጀመሪያ የመሰላት ብርድ ነው። ከደረቷ በታች የሆነ ቦታ ላይ ተነሣ፤ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ፤ አልቆመም። ስለ አባቷ ይሁን፣ ስለዚህ ሰው ይሁን፣ ወይም በባዶ እግር ስለ ተሄደው መንገድ ሁሉ፣ መለየት አልቻለችም። ልትለየውም አልሞከረችም። አመማት፤ በጣም አመማት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ እሱ በያዘላት ጥላ ስር፣ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች «ተመስገን» ሲሉ ሰማቻቸው። የፈራችው ሕመሙ እንዳይተዋት፣ ያ ድንዛዜ እንዳይመለስባት ነበር።